እትዬ ብርነሽ ከመደብ የወረዱበት ቀን

እትዬ ብርነሽ ሰው ማስተዳደርን ከማንም አልተማሩም፣ ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት ወጡ የሚል ሰው ሐረር ውስጥ ሞልቷል። ውሸት ነው። ያስተማሯቸውን ሰው አውቃለሁ፤ የተማሩበትን ቀንም አውቃለሁ፤ ትምህርቱን ያመጣው ጥፋት ደግሞ ግማሹ የእኔ ነው። በ1966 ዓ.ም. ሃያ ሁለት የስፌት መኪናና በየቤታቸው ሆነው የሚሠሩላቸው አርባ ሴቶች ነበሯቸው። ሰው የሚያወራው ስለዚህ ነው። እኔ ግን የማስታውሰው በ1953 ክረምት ሰባት መኪና ይዘው፣ እነዚያኑ ሰባቱን ሊነጠቁ ቀን የተቆረጠባቸውን ሴት ነው።

ለተማርያም እባላለሁ። በዚያ ቤት ቁልፍ ተካይ ነበርኩ። ቁልፍ መትከል ምን ሥራ ነው የሚል ካለ፣ ሦስት መቶ ሸሚዝ ላይ ሰባት ሰባት ቁልፍ ይትከልና ይምጣ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ሱቁ ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ሁሉ መኪናውን ደጃፍ አውጥቶ ግራና ቀኝ ስለሚደረደር መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል። ቤቱን ያቋቋሙት የእትዬ ብርነሽ ባል ነበሩ፤ በ1952 መጨረሻ ላይ አረፉ። ተዝካራቸው እንደወጣ የባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ከበደ ብቅ አሉና፣ «ሴት ሰባት ወንድ አታዝም፤ መኪኖቹ ይሸጡና ድርሻዋን ይዛ እናቷ ቤት ትግባ» አሉ። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተከራከሩ። በመጨረሻ እስከ አዲስ ዓመት ትሞክረው፣ ካቃታት ይሸጣል ብለው ተለያዩ።

እትዬ ብርነሽ በሐምሌ አንድ ትልቅ ሥራ ያዙ። ለአንድ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ካኪ ሱሪና ሦስት መቶ ነጭ ሸሚዝ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን ተጠናቆ የሚረከብ። ይህ ከደረሰ አቶ ከበደ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ካልደረሰ ግን እትዬ ብርነሽ አለቀላቸው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰፊዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ሁለቱ የኛ ሰዎች፣ አምስቱ የከተማው ሙስሊሞች። የሁሉም ታላቅ አው ዐብዱልቃዲር ነበሩ። አው ማለት በነሱ ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። አራቱን ሙስሊሞች ሙያውን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ከአራቱ አንዱ ኑር ይባላል፤ እጁ ከሁላችንም የፈጠነ፣ ስፌቱ የጠራ ልጅ እግር ሰው። እትዬ ብርነሽ ሰባቱንም አንድ ሳምንት ሲያዩ ሰነበቱና ኑርን አለቃ አደረጉት። ከሁሉ የሚበልጠው ሰፊ አለቃ ይሁን፤ በዚህ ማን ይከራከራል? እኔም ተገቢ ነው ብዬ ነበር።

የኑርን ጭንቀት ያየው የለም። ጠዋት ሲገባ የአው ዐብዱልቃዲርን እጅ ስሞ ይቀመጣል። መንገድ ላይ እንኳ ቀድሟቸው አይራመድም። እንዲህ ያለ ሰው ተነሥቶ አስተማሪውን «ይህ ኮሌታ ጠምሟል፣ ፍቱና ስፉት» እንዴት ይበል? የሽማግሌው ኮሌታዎች ደግሞ በርግጥ መጥመም ጀምረው ነበር። ኑር ዝም ብሎ እየጠቀለለ ቤቱ ይወስዳቸዋል፤ ፈትቶ፣ አስተካክሎ ሰፍቶ በማግስቱ ክምሩ ውስጥ ይጨምራቸዋል። በዚህ ምክንያት የራሱ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስንቆጥር ከሦስት መቶው ጥንድ የተጠናቀቀው መቶ አሥር ብቻ ነው። እትዬ ብርነሽ ከሁሉ የፈጠነው ሰው እንዴት ከሁሉ ያነሰ ሠራ ብለው ግራ ገባቸው።

እኔ አውቅ ነበር። ቁልፍ የሚተክል ሰው የእያንዳንዱን እጅ ይለያል፤ ከአው ዐብዱልቃዲር መኪና የወረደ ሸሚዝ የኑርን ስፌት ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። አፌ ደግሞ አያርፍም። አንድ ቀን እትዬ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያማርሩ ዘርግፌ ነገርኳቸው። የጠቀምኩ መስሎኝ ነበር።

ኑርን ለብቻው ጠርተው ቢያነጋግሩት ደግ ነበር። እሳቸው ግን ደማቸው ፈላ። ቀጥ ብለው ወደ ሽማግሌው መኪና ሄዱና፣ ሦስት ደንበኞች ቆመው እያዩ አንዱን ኮሌታ ከፍ አድርገው፣ «አው ዐብዱልቃዲር፣ ይህ ምንድን ነው? ያስተማሩት ልጅ እየፈታ የሚሰፋልዎት እስከ መቼ ነው?» አሉ።

አው ዐብዱልቃዲር ቀና ብለው ኑርን አዩት። ኑር አንገቱን ደፋ። ለካ እሳቸውም እስከዚያች ደቂቃ አያውቁም ነበር! ከጣታቸው ላይ የስፌት ቀለበታቸውን አውልቀው መኪናው ላይ አስቀመጡና ቀስ ብለው ወጡ። ኑር ተከተላቸው። የቀሩት ሦስት ሙስሊም ሰፊዎች ደግሞ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት እንደወጡ አልተመለሱም።

«ይሂዱ! ሐረር ሰፊ አለቀባት እንዴ?» አሉ እትዬ ብርነሽ። ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ ሰው ሲያፈላልጉ ዋሉ፤ አንድ ሰው እሺ አላላቸውም። ነገሩ መንገዱን ሙሉ አዳርሶ ነበር። ሁሉም በትሕትና ሥራ በዝቶብኛል ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰፊ፣ አምስት ባዶ መኪናና መቶ ሰማንያ ጥንድ ያልተሰፋ ልብስ ይዘን ቁጭ አልን። እኔ በበኩሌ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኝ ነበር።

«ተነሺ ለተማርያም» አሉኝ። «ቤታቸው እንሂድ።»

ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን በአቦከር ሰፈር በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ገባን። እትዬ ብርነሽ ተወልደው ያደጉት ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። አርባ ዓመት ሐረር ሲኖሩ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ደጅ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ቤታቸው ገብተው ተቀምጠው አያውቁም። የአው ዐብዱልቃዲር ባለቤት አይ ሰዐዲያ፣ አይ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፣ ተቀበሉንና፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ሽማግሌው ከመስጊድ እየመጣ ነው» ብለው ወደ ጓዳ አለፉ።

ቤቱ ወንበር የለውም። ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች ናቸው ያሉት። እትዬ ብርነሽ ጫማቸውን አወለቁና፣ ደክሟቸውም ስለነበር፣ ወደ በሩ የምታየዋ መደብ ላይ ወጥተው ተደላደሉ። እኔ በሩ ሥር ዝቅተኛዋ ላይ ቁጭ አልኩ። ከብልኅነት አይደለም፤ ካልሲዬ ቀዳዳ ስለነበረው እንዳይታይብኝ ነው።

አው ዐብዱልቃዲር ገቡ። እትዬ ብርነሽን ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉና መጥተው ከኔ አጠገብ፣ ዝቅተኛዋ መደብ ላይ ተቀመጡ።

እትዬ ብርነሽ ከላይ ሆነው ጀመሩ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ትዕዛዙ እንደቸኮለ፣ ከበደ እንዳስጨነቃቸው፣ ቢመለሱ ደስ እንደሚላቸው አስረዱ። ንግግራቸው ደህና ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከምንጣፉ ሳያነሡ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ቂም የለኝም። ዓይኔም ደክሟል፤ ይብቃኝ» ብቻ አሉ። ሻያችንን ጠጣንና ተነሣን።

አይ ሰዐዲያ እስከ ግቢው በር ሸኙን። እዚያ የእትዬ ብርነሽን ክንድ ያዝ አደረጉ። «እኅቴ፣ አትቀየሚኝ። የተቀመጥሽባት ቦታ የባለቤቱ ናት። በዚህ ቤት ሁሉም ቦታ አለው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሳይነገረን እናውቀዋለን። እሱ ቤት ካለ እኔም አልቀመጥባትም። እንግዳ ነሽና ተነሺ አይልሽም።»

እትዬ ብርነሽ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። እፍረት ነው፤ ግን እፍረት ብቻ አልነበረም። «ሱቅም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ተማሪውን ከአስተማሪው ቦታ ላይ አስቀመጥኩ» አሉ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ዞር ብለው፣ ጫማቸውን እንደገና አውልቀው ገቡ። አው ዐብዱልቃዲር አሁንም ዝቅተኛዋ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አው ዐብዱልቃዲር፣ የኔ ቦታ የት ነው?» አሏቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አዩዋቸውና በእጃቸው የክብር እንግዳ ወደሚቀመጥባት ትልቋ መደብ አመለከቱ። እትዬ ብርነሽ እዚያ ተቀመጡ። አው ዐብዱልቃዲር ተነሥተው የራሳቸው ቦታ ላይ ወጡ። «እህ፣ አሁን ይናገሩ» አሉ።

«በሰው ፊት አዋረድኩዎት። ኑርንም የማይችለውን ሸክም ጫንኩበት። ዓይንዎ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ካለፈው ረመዳን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

እኔ አላስቻለኝም፤ «አው ዐብዱልቃዲር፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እሳቸው ሳቁ። «ታዲያ ሌላ ማን የሰውን እጅ ይለያል? የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት» አሉኝ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ታፍኖ የነበረ ነው።

«እርስዎ ቢሆኑ ሰዉን እንዴት ያስቀምጡታል?» ብለው ጠየቁ እትዬ ብርነሽ።

ሽማግሌው ነገሩን ከዚያ በፊት አስበውበት ነበር መሰለኝ፣ ሳያመነቱ አስረዱ። አንድ ሰው አንድ ሙሉ ልብስ መስፋቱ ይቅር። ኑር ጨርቅ ብቻ ይቁረጥ። ከሰፊዎቹ አንዱ ሳኒ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላው እጅጌ ብቻ፣ ሌሎቹ ሱሪ። ያለቀው ሁሉ ወደ እሳቸው ይምጣ። «ዓይኔ ቢደክምም አውራ ጣቴ ያያል» አሉና የኔን ቀሚስ ጠርዝ ዳሰስ አድርገው የዘለለ ስፌት አገኙበት። ራሴ የሰፋሁት ነው፤ ደግሞ አፈርኩ። የጠመመውን የሚመልሱት እሳቸው ከሆኑ ማንም አይቀየምም፤ ኑርም አስተማሪውን ከማረም ይድናል።

አይ ሰዐዲያ ከጓዳ ብቅ አሉ። «የቁልፍ ቀዳዳውንና የጠርዙን ዘምዘማ ለኛ ስጪን» አሉ። በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ የአፎቻው ሴቶች በየቤታቸው ጥልፍ የለመዱ ናቸው። ቅርጫት ሙሉ ሸሚዝ ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ተጠናቆ ይመለሳል። እኔ አከፋፋይ ልሆን ነው ማለት ነው። ሹመት አገኘሁ!

«አንድ ነገር የኔ ይሁን» አሉ እትዬ ብርነሽ። «ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዱን ምን አስቸገረህ ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሁሉም ገቡ። እትዬ ብርነሽ ኮሌታውን ባነሡበት ሰዓት፣ ደንበኞች ባሉበት፣ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሁሉም «ምንም» እያለ አለፋቸው። በሦስተኛው ቀን ሳኒ የመኪናው ጠፍር መንሸራተት ከጀመረ ወር እንዳለፈው ተናገረ። በዚያው ቀን ተቀየረለት። ይህን ያዩ አንደበታቸው ተፈታ፤ አንዱ ብርሃን አነሰኝ አለ፣ አንዱ ሚስቴ ልትወልድ ነው አለ። እትዬ ብርነሽ ቁጣቸው አልጠፋም፣ አልዋሽም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚቆጡት ለብቻው ጠርተው ነበር፤ የሚያመሰግኑት ደግሞ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ነበር።

ጳጉሜን አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አቶ ከበደ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ፤ ከርክክቡ ሁለት ቀን ቀድመው፣ ሳይዘጋጁ እንዲያገኟቸው። እትዬ ብርነሽ የሉም። ትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎቹንም ልብስ ጨምሮላቸው ስለነበር ክር ሊገዙ ወጥተዋል። አቶ ከበደ ደስ አላቸው። «ይኸው! ባለቤት ነኝ ባይዋ ሱቁን ጥላ ሄዳለች» አሉ። ከዚያ ወደ ሰፊዎቹ ዞረው፣ «እናንተ! ሥራ አቁሙና ተነሡ፤ መኪኖቹን እንቁጠር» ብለው ጮኹ።

ማንም አልተነሣም። የኑር መቀስ አላቋረጠም። ሳኒ ቀና እንኳ አላለም። አው ዐብዱልቃዲር ብቻ አውራ ጣታቸውን ከአንድ ሸሚዝ ላይ ሳያነሡ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጌታው። ባለቤቷ አሁን ይመጣሉ፤ እስኪመጡ ድረስ ሱሪ ልለካዎት?» አሉ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ክር በጥርሴ ነከስኩ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አልሳቁም። ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያው የተከመረውን ልብስ አዩ። አንዱን ሸሚዝ አንሥተው ኮሌታውን አገላብጠው መለሱት። አንዲት የአፎቻ ሴት ቅርጫት ተሸክማ ገብታ፣ ለኔ አስረክባ፣ ሌላ ይዛ ስትወጣ ተከትለው አዩ።

«ከበደ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ እያለህ እንኳ የማይሠሩ ሰዎች ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። እሷ ሳትኖር የሚሠሩ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ከዚህ በላይ ምን እንፈትናታለን?»

ያኔ እትዬ ብርነሽ በሩ ላይ ደረሱ፣ የክር ከረጢት አቅፈው። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ቀለማቸው ተገፈፈ፤ ሊወስዱባቸው የመጡ መስሏቸዋል።

«ግቢ ልጄ» አሏቸው ትልቁ ሽማግሌ። «ቤቱ ያንቺ ነው።»

ባላቸው ሲቀበሩ እንኳ ቀጥ ብለው የቆሙት እትዬ ብርነሽ የበሩን መቃን ተደገፉ። ከረጢቱን ወደኔ ዘረጉና፣ «ያዢልኝ፣ ለተማርያም፣ ልጥለው ነው» አሉኝ።