ሱጎ ለመሪጌታ

ዓርብ፣ ማለዳ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ፓስታ፣ ካሮትና ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥዬ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ድረስ የምሄደው ለአባቴ ፓስታ በሥጋ ሱጎ ላበላ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ከጉባኤያቸው ኮብልዬ ምግብ አብሳይ ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን እጄን ቀምሰው፣ ስለ ሙያዬም አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ታናሽ እህቴ ትርንጎ «እኔ ቤት አብስል፤ እጠራቸዋለሁ» አለችኝ። በዓለ ሃምሳ ማለቁ ነው፤ ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባል።

ረፋድ

ጉናን ስናልፍ ብርዱ አጥንት ይገባል። ንፋስ መውጫ ወርጄ ዳቦ በሻይ ቀመስኩና ሌላ መኪና ያዝኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ዳር ዳሩን ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፓስታውን አይተው ማን ታሞብህ ነው አሉኝ። አባቴን ላበላ ነው ስላቸው ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ

ከገበያው የበሬ ሥጋ ገዝቼ በቢላዋ አደቀቅኩት። ሱጎው በለሰስታ እሳት ሦስት ሰዓት ተንተከተከ። ትርንጎ በርበሬ አለመጨመሬን አይታ የአራስ ምግብ ነው ብላ አሾፈችብኝ።

አባቴ ከሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ሲገቡ ፓስታውን ቶሎ ቀቅዬ፣ ሱጎውን አልብሼ በትሪ አቀረብኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አባቴ ማዕድ ሲባርኩ ስለ ዘመኑ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ መንገደኛው፣ ስለ ሙታንም ሳይጸልዩ አይቀመጡም። ልጃቸው ሆኜ ረሳሁት። እሳቸው ሲጸልዩ ፓስታው ሱጎውን እየመጠጠ ያብጣል። ጉድ ሆንኩ አልኩ። «አሜን» ስንል ገንፎ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

አባቴ ጎረሱ። ደገሙ። ትሪው ሲጋመስ ቀና ብለው አዩኝ።

«መምህርህ ማን ነው?»

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ቅኔ ለተቀኘ ሰው እንጂ ለወጥ ሠሪ አይቀርብም። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«እትዬ የሺ ይባላሉ፤ ሆቴል ያበስሉ ነበር።»

«ስንት ዓመት ተማርህ?»

«ሰባት ዓመት።»

«ደግ ነው» ብለው ወደ ትሪው ተመለሱ። ከማዕድ ስንነሣ በጸሎት የራሳቸውን መምህራን ስም ጠርተው ሲጨርሱ «አቤቱ፣ የሺንም አስባት» አሉ።

እሑድ፣ ባሕር ዳር

በመልሱ መንገድ ሁሉ ነገሩን ሳብሰለስለው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ምስጋና ነበር፤ የመጣልኝ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው በለጠብኝ።

ቤቴ ሳልገባ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ፓስታው ማበጡን ስናዘዝ ተቆጡኝ፤ ሰባት ዓመት ምን ስሰማ እንደኖርኩ ጠየቁኝ። አባቴ በጸሎት እንደጠሯቸው ስነግራቸው ግን ቁጣቸው በረደ።

«በጸሎት የሚጠራው እኮ የክርስትና ስም ነው» አሉኝ። «የእኔ ወለተ ማርያም ነው። ምነው ሳትነግራቸው ቀረህ?»

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ስሙን ልነግራቸው አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ስለ ሙያዬ ላወራቸው ስደውል የመጀመሪያዬ ነበር።