ከበሩ ውጭ የቆምኩበት ከሰዓት

አባት የሆንኩት በደርግ ዘመን፣ አሰብ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ጮቤ ረገጥኩ! ሴት ልጅ ተወለደችልኝ ብዬ ያልነገርኩት የፈረቃ ጓደኛ፣ አስቁሜ ያላወራሁት የወደብ ሾፌር አልነበረም። «ሰውዬው ራሱ ያማጠ ነው የሚመስለው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሁለት ወር እንደሞላት ባለቤቴ ለቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራች። መቅረት አይቻልም። «ሂጂ! ይኼን ሁሉ ማሽን የማንቀሳቅስ ቴክኒሻን አንዲት ፍሬ ልጅ ታቅተኛለች?» አልኳት። አጥብታት፣ ሳቅ ብላ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ለቅሶው ተጀመረ። አቀፍኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ጨርቋን ቀየርኩላት፣ የነፋስ ማራገቢያውን አስጠጋሁላት። እሷ እቴ! በአሰብ ሙቀት ላይ ያ ጩኸት ሲጨመርበት ራሴ ጋለ። እኛ ሥራ ቤት መርፌው አልንቀሳቀስ ያለ የግፊት መለኪያ ነቅነቅ ሲያደርጉት ይለቃል። እጄ ያንኑ ለምዷል መሰለኝ፣ በብብቷ ይዤ ብድግ አደረግኳትና «በቃ!» ብዬ ጮህኩባት። አንገቷ ወደ ኋላ እጥፍ አለ። ልነቀንቃት ነበር፤ እውነቱ ይኼ ነው።

ደነገጥኩ። አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋትና በሩን ገርበብ አድርጌ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። «ወንድሜ፣ ልጅቷ እንዲህ እያለቀሰች ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ስል እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«እሰይ! እንኳን ወጣህ! አንገቷ እኮ ገና አልጠናም። ብትነቀንቃት አንጎሏ ከራስ ቅሏ ጋር ይላተማል፤ ውስጥ ውስጡን ይደማል። ላይ ላዩን ጭረት ሳይታይባት ዓይኗ ሊጠፋ፣ ልትሞትም ትችላለች። ትንሽ ብታለቅስ ግን አትሞትም። በል ውሃ ጠጣና አብረን እንግባ።»

ገብተን ትኩሳቷን ለካች፣ ሆዷን ዳበሰች፤ ምንም የለባትም። ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በደስታ መጮህ አማረኝ፤ ግን ማን ደፍሮ ይቀሰቅሳታል!

ባለቤቴ ስትመለስ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ቁጣዋን ስጠብቅ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ፈረቃ ስትገባ እኔም ለቅሶዋ ሲበዛብኝ እዚያው በር ላይ እቆማለሁ» አለችኝ። «ክፉ እናት ናት ትለኛለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»