ሳይፈርም የወጣው ሽማግሌ

ገሪት ቡርስማ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ከወንበር ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ በኋላማ ባሰበት። ያልተሰበረ አጥር ይጠግናል፤ ያልቆሸሸ መስኮት ያጥባል፤ ቅጠሉ ገና ከዛፉ ሳይወርድ መጥረጊያውን ይዞ ከሥሩ ይቆማል። ሚስቱ አርዲስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ቁጭ በል፤ ውሻው እንኳ አንተን ሲያይ ዞረበት» ትለው ነበር። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ፋብሪካ ሠርተናል፤ እሱ ወንበሮቹ ጨርቅ የሚለብሱበት ክፍል አለቃ፣ እኔ ጭነት ክፍል። እሑድም የምንቀመጠው አንድ አግዳሚ ላይ ነው። ስብከቱ ከሃያ ደቂቃ ካለፈ የገሪት ጉልበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አግዳሚው በሙሉ ይሰማዋል።

ዌስተርዋልድ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰው በስሙ ሳይሆን በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ይታወቃል። ታዲያ አንድ ዓመት በጸደይ ለከተማው ምክር ቤት አንድ ደንብ ቀረበ። ወንድ ወንድን ስለወደደ፣ ሴትም ሴትን ስለወደደች ብቻ ከሥራ አይባረሩ፣ የኪራይ ቤትም አይከልከሉ የሚል ነው። ወረቀቱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ግን ወንድማማቾች በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ አደረገ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሊኔት የምትባል ገና አርባ ያልሞላት ሴት ነበረች። ከአንዲት ካቶሊክ መነኩሲትና ከጎረቤት ከተማ ከመጣ የአይሁድ ረቢ ጋር ሆና ለምክር ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ አረቀቀች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ፈረመ፣ ሁለት የፋብሪካ ባለቤቶች ፈረሙ፣ የእሳት አደጋ አለቃው ፈረመ። ከዚያ ደብዳቤው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጣ። ገሪትም እኔም ሽማግሌዎች ነበርን።

«ማንንም አላስገድድም» አለች ፓስተር ሊኔት። «ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ነገም እንቀጥለዋለን። ይሄ ደብዳቤ የሚለው ሰው እንጀራውን አይነጠቅ ነው።»

«ይሄ በር አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም» አለ ሃርቭ። ሃርቭ ከመካከላችን ትልቁ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሣር ለሃያ ዓመት ያለ ክፍያ ያጨደ ሰው። አልፈርምም ብሎ ወረቀቱን ገፋው። እኔ ፈረምኩ። ሌሎችም ፈረሙ። ብዕሩ ገሪት ዘንድ ደረሰ። ያዘው፤ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አስቀምጦት ተነሣ፤ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ሃርቭ እስከ መኪናው ተከተለው። ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ «እሰይ፣ ከኛ ወገን መሆንህን መች አጣሁት» ሲለው ከኋላ ሰማሁ። ገሪት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መሰላል ተሸክሞ እኔ ቤት መጣ። «ጣሪያህ ላይ የላላ ክዳን አይቻለሁ» አለ። ምንም የላላ ነገር አልነበረም። ግን ፊቱን አይቼ አብሬው ወጣሁ። ከላይ ሆኖ በመዶሻው ደህናውን ምስማር መቀጥቀጥ ያዘ።

«ሎዌልን ታስታውሰዋለህ?» አለኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ። ሎዌል ፒንከርት እንደሱ ያለ እጅ ፋብሪካው አይቶ አያውቅም። ጨርቁን ወንበሩ ጥግ ላይ ሲያጥፈው ስፌቱ የት እንደገባ አይታወቅም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ከወንዶቹ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚይዝልን እሱ ነበር። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ሥራ አልገባም። ሌላ አገር የተሻለ ሥራ አገኘ ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ማመኑ ይቀል ነበር።

«እኔ ነኝ ያባረርኩት» አለ ገሪት። «የሐይቁ ዳርቻ አሸዋ ላይ ከአንድ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ አይተውታል። የፋብሪካው ባለቤት ጠራኝና፣ ‹ወሬ አልፈልግም፤ የሆነ ምክንያት ፈልግለት› አለኝ። ጻፍኩ። ‹ለሥራው ብቁ አይደለም› ብዬ ጻፍኩ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ስፌቴ መጥፎ ነው እንዴ?› አለኝ። አይደለም አልኩት። ‹ታዲያ ምንድን ነው?› ሲለኝ፣ ‹ምክንያቱን እንድነግርህ የሚያስገድደኝ ሕግ የለም› አልኩት።» መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እውነቴን እኮ ነው፣ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር አለመኖሩ። ከዚያ ጀርባ ተሸሸግኩ።»

«እንግዲያ ትናንት ከሁላችንም ቀድመህ መፈረም የነበረብህ አንተ ነህ።»

«ከእናንተ ስም ጎን ስሜን ባኖር ንጹሕ ሰው እመስላለሁ። መጀመሪያ እሱን ሳላየው አልፈርምም።»

ሎዌልን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። በስተ ሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ጀልባ የሚበዛበት ወደብ ላይ የራሱ ሱቅ እንዳለው ሰማን፤ የጀልባ መቀመጫ ይሰፋል። ገሪት በዚያ መንፈሱ መሪ ባይጨብጥ ይሻላል ብዬ እኔ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር። ሦስት ጊዜ አስቆመኝ። ሦስተኛው ላይ ወርዶ መንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና፣ «እንመለስ» አለኝ።

«ግባና በሩን ዝጋ» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ሎዌል ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ጥግ ላይ ሮይ የሚባለው የትዳር ጓደኛው ጋዜጣ ያነባል። ሎዌል ቀና ብሎ አየን፤ እንዳወቀን ዓይኑ ላይ አየሁ። ተመልሶ አጎነበሰና አፉ ውስጥ ያሉት ምስማሮች እስኪያልቁ መምታቱን ቀጠለ። ገሪት እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ። በሕይወቴ ሳይንቀሳቀስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ገሪት» አለ ሎዌል በመጨረሻ። «ወፍረሃል።»

«አዎ።»

«ጀልባ ገዛህ እንዴ?»

«የለም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ሃያ ስምንት ዓመት» አለ ሎዌል። «መንገዱ እኮ ሁለት ሰዓት ነው።»

ሮይ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ማንም ተቀመጡ አላለንም።

«እናቴን ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?» አለ ሎዌል። «እውነቱን ልነግራት አልችልም ነበርና፣ ሥራዬ ተበላሽቶ ነው ያሰናበቱኝ አልኳት። እስክትሞት ድረስ ልብስ ልስፋልሽ ስላት ‹ተወው፣ እጅህን አታድክም› ትለኝ ነበር። እጄ የተበላሸ መስሏት።»

ገሪት ስለ ደንቡ፣ ስለ ደብዳቤው፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ምክር ቤቱ የሕዝቡን አስተያየት እንደሚሰማ ተንተባትቦ ነገረው። ሎዌል ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ግን አልነበረም።

«በዌስተርዋልድ? አያልፍም።»

«ቆሜ ልናገር አስቤያለሁ። ያደረግኩትን።»

«ልብህን ለማሳረፍ ከሆነ እኔ ዘንድ የሚሰጥ ዕረፍት የለኝም። ይህን እወቀው።» ሎዌል ሌላ እፍኝ ምስማር አነሣ። «ብትናገር ደግሞ ስሜን እንዳትጠራ። የራስህን ጥራ።» ምስማሮቹን ወደ አፉ ከተተ፤ ጨዋታው አለቀ። ሮይ እስከ በር ሸኝቶን «ደህና ግቡ» አለን።

ገሪት እቤት ሲደርስ ለአርዲስ ነገራት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልውጣ ስል «ተቀመጥ፣ አንተም ስማ» አለችኝ።

«መዘምራኑን ለምን ተወ ብዬ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው።

«ሥራ አግኝቶ ሄደ አልኩሽ።»

«እኔ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ አኩርፌው ነበር። የገና ካርድ ሲልክልኝ እንኳ አልመለስኩለትም። የበደልከው አንተ፣ ያኮረፍኩት እኔ።» ሦስት ቀን አላናገረችውም። ረቡዕ ዕለት ግን ነጭ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችለት፤ ከእሱ ቀድማም በምክር ቤቱ አዳራሽ ፊተኛ ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ፓስተር ሊኔት ደብዳቤውን አነበበች። መነኩሲቷ ተናገረች። ሃርቭም ተናገረ፤ እምነቱን በሕግ የሚነጥቁት እንደመሰለው ተናገረ፤ ከልቡ ነበር። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። የገሪት ተራ አርባ አንደኛ ሆነ። እስኪደርሰው ድረስ አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ ገባ፤ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ በመጨረሻ በሩን ክፍት ተወለት።

«ገሪት ቡርስማ እባላለሁ» አለ። «አሥራ ሰባተኛ መንገድ ላይ እኖራለሁ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከሥራ አባርሬያለሁ። ሥራው እንከን አልነበረውም። ከወንድ ጋር ስለታየ ነው። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላስብም ነበር፤ እሑድ እሑድ ምጽዋት እሰበስብ ነበር። አለቃዬ አባርር አለኝ፣ አባረርኩ። ያን ቀን ይሄ ደንብ ቢኖር፣ ‹ጌታዬ፣ ሕጉ አይፈቅድም› እለው ነበር። በራሴ ግን እንቢ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። ደንቡ ለእነሱ ብቻ ነው የምትሉ፣ እንደኔ ላለ ፈሪም ያስፈልገዋል።»

ገና አንድ ደቂቃ ተኩል ቀርቶት ነበር። በዚሁ ከመናገሪያው ወረደ።

ሰባቱ የምክር ቤት አባላት ድምፅ ሰጡ፤ በአራት ለሦስት ወደቀ። ሎዌል እንዳለው አላለፈም። ሰው ሲወጣ ሃርቭ አጠገባችን ቆም አለና፣ «አሳፈርከን» አለው።

«አዎ» አለ ገሪት፤ «እኔም አፍሬያለሁ።»

ከዚያ ፓስተር ሊኔትን ፈልጎ ደብዳቤውን ጠየቃት። «አቶ ገሪት፣ አሁንማ ድምፁ ተሰጥቷል፤ ምን ያደርግልዎታል?» አለችው። «ግድ የለም፣ ይስጡኝ» አለና ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። ምክር ቤቱ በወር ሁለቴ ረቡዕ ይሰበሰባል፤ የፈለገ ነዋሪ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ፓስተር ሊኔት ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ተረኛ አወጣች፤ አንድ ረቡዕም ስለ ደንቡ የሚናገር ሳይኖር እንዳያልፍ። በሁለተኛው ዓመት ተረኞቹ ሳሱ። በአራተኛው አንዳንዱ ታከተው፣ አንዳንዱ ከተማ ለቀቀ። ገሪት ግን የራሱንም የሰውንም ተራ ይሸፍናል። በረዶ ሲጥል በእግሩ ይሄዳል። የሚለው አያልቅበትም፤ አንድ ቀን ስለ አለቆች ፍርሃት፣ አንድ ቀን ከቤት ኪራይ ስለተባረሩ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ ቀን ከወንጌል። የፋብሪካው ጡረተኞች በሚሰበሰቡበት የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ገሪት ሲመጣ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ሃርቭ ቤተ ክርስቲያናችንን ለቆ ሄደ፤ ሣሩን ገሪት ያጭድ ጀመር፤ ግን እንደ ሃርቭ አልሆነለትም፤ ይህንንም ያምን ነበር።

«እስከ መቼ ነው?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«ቤት ስቀመጥ ነው የሚብስብኝ» አለኝ።

በስምንት ዓመት ውስጥ ምርጫ መጣ ሄደ፤ ከአራቱ እንቢ ባዮች ሦስቱ በሌሎች ተተኩ። ደንቡ እንደገና ሲቀርብ ገሪት ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንቱ ነበርና አዳራሽ መሄድ አልቻለም። በእነሱ ሳሎን ከአርዲስ ጋር በቴሌቪዥን አየነው። እሱ በብረት ምርኩዙ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። ስድስት ለአንድ አለፈ። አርዲስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ገሪት ቆመ።

«አለቀ?» አለ።

«አለቀ» አልኩት።

ስልኩን አንሥቶ ወደ ወደቡ ከተማ ደወለ። ያነሣው ሮይ ነበር። ሎዌል የሰው ጀልባ ላይ እየሠራ ነው አለው። ገሪት ነገሩን ነገረው። ሮይ፣ «እነግረዋለሁ» አለ። ሎዌል ተመልሶ አልደወለም፤ በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም። ገሪት ለሁለት ሳምንት ያህል ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ለማንሣት ሲሞክር ምርኩዙ ከዕቃው ጋር እየተጋጨ ይወድቅ ነበር።

በወሩ፣ ጉልበቱ ጠና ሲል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮፍያውን አድርጎ ደጃፌ ላይ ቆመ። «አዳራሽ አድርሰኝ» አለኝ።

«ምን ልታደርግ? ደንቡ እኮ ጸድቋል።»

«አውቃለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ አይተኸዋል? ተሰነጣጥቋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አያልፍበትም።» አሁንም ምርኩዙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር። «ቁልፍህን አንሣ፣ ይረፍድብናል።»