ከላሟ ወገን የተነሣ አውሮፕላን

የባለቤቴ አባት የአውሮፕላኑን የፓይለት ክፍል የሠሩት እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ ላሟ በምታድርበት ወገን ነው። ላሟን ወደ ውጭ፣ ከግድግዳው አስጠግተው ወደ ሠሩላት ዳስ አወጧት። መጀመሪያ የተጣላነውም በዚህ ነው። ላሟ የእኔ ናት፤ ከአንጋጫ ስዳር አባቴ የሰጠኝ።

“እርስዎ የማይበር ነገር ላይ ይቀመጡ ተብሎ ላሜ ለምን ዝናብ ይምታት?” አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና የሚለብሱትን ብርድ ልብስ አምጥተው ላሟ ጀርባ ላይ ጣሉት። “በይ እንግዲህ፣ እኔም ይብረደኝ፤ እኩል ሆንን” አሉኝ። በዚያ ቤት ውስጥ እኩል ይሁን እያልኩ የምጨቃጨቀው እኔ ነበርኩ።

በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ተቀጥረው ሠርተዋል። አብራሪ አልነበሩም፤ መካኒክም አልነበሩም። አውሮፕላን ያጥቡ ነበር። ዳኮታ የሚሏቸው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አሮጌ አውሮፕላኖች ሲያርፉ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ይገባሉ፤ ወለሉን ይጠርጋሉ፤ ተሳፋሪ ያስመለሰበትን ያጥባሉ፤ መጨረሻ ላይ የፓይለቱን ክፍል ገብተው እንደ ሰዓት ክብ የሆኑትን ሁሉ አንድ በአንድ ይወለውላሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያጥቡ አንድ ቀን እንኳ አልበረሩም። አንድ ፓይለት “በሚቀጥለው ወር ይዤህ እወጣለሁ” ሲላቸው፣ ወሩ ሲያልፍ ሌላ ወር ሲላቸው፣ አብዮቱ መጣ። ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ገቡ። አማቴ፣ ሚስታቸው ማለት ነው፣ ከሞቱ በኋላ ከእኛ ጋር ሆኑ። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት የቀረ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ከመሬት መነሣት። ደጋግመው አይናገሩትም። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰሙ ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይወጣሉ፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ አይመለሱም።

እናም የሚያውቁትን ክፍል በእጃቸው ሠሩት። አፅሙ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው፤ ልብሱ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ። መሪው ለሁለት የተቆረጠ የብስክሌት ቸርኬ ነበር። የእግሩን መርገጫ ከተሰበረ የልብስ ስፌት መኪና አመጡ። ክቦቹን ሁሉ ከጫማ ቀለም ክዳን ሠሩና በቃጫ ገመድ ከመሪው ጋር አገናኟቸው፤ መሪውን ሲስቡት የከፍታው ቀስት ትነሣለች፣ ሲገፉት ትወርዳለች።

ከፊት ለፊቱ መስኮት ውጭ ደግሞ ምድር ነበረች። ምድሯ የእኔ ሥራ ናት። አቡጀዴ ቀጣጥለን በከሰል፣ በቀይ አፈርና በቅጠል ጭማቂ ሣልንበት፤ ጫፍና ጫፉን በሁለት ድቡልቡል እንጨት ጠቀለልነው። እኔ አንዱን እንጨት ሳዞር ከሆሳዕና ገበያ ተነሥቶ ሀቢቾ ይመጣል፤ ከዚያ ጃጁራ፤ ከዚያ ዞሮ አዲሎ፣ መኪኖቹ መንገድ ዳር እንደቆሙ። እንሰቱን ስስል ግን ተጣላን።

“ከላይ ሲታይ እንዲህ ግንዱ አይታይም” አሉኝ።

“ከላይ ምን እንደሚመስል እርስዎ የት አይተው?”

 “እውነትሽን ነው፤ አላየሁም” አሉኝና ከሰሉን ከእጄ ሳይወስዱ ሄደው ተቀመጡ። ያን ቀን ስለ መብረር መቀለድ ተውኩ።

ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ በረረ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከጎናቸው ይቀመጣል። የሞተሩን ድምፅ በጉሮሯቸው ነው የሚያወጡት፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ሁለቱም ሲነሡ ፊታቸው ደም ይመስላል። ባሏ አውራጃ ገንዘብ ቤት የሚሠራ ከጎጃም የመጣች ጎረቤት ነበረችን፤ እሷ ሳትመጣ የምትውልበት ሳምንት የለም።

“ጃጁራ አልደረስንም እንዴ? በበቅሎ ብሄድ እቀድም ነበር!” ትላለች ከወንበሩ ላይ። “አንቺ ማዞሪያው ላይ ያለሽው፣ ፍጠኚ እንጂ!”

“እኔ ምድር ነኝ፤ ምድር አትቸኩልም።”

“እሷ ካልቸኮለች እርስዎ ይፍጠኑ፣ አባባ! ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።”

“ከደመና በላይ ሆነሽ ስለ ወጥ አታውሪ” ይሏታል፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

የቀበሌው ጸሐፊም ይመጣ ነበር። መሪውን ይነካካል፣ ገመዶቹን ይጠይቃል፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሁሉን ያሳዩታል።

አንድ ቀን ይኸው ጸሐፊ ወሬ ይዞ መጣ። ለአብዮቱ በዓል አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ የፈጠራ ሥራ ይታያል አለ። ከክፍለ ሀገር ሰው መጥቶ ይመርጣል፤ የተመረጠውን ሥራ የሠራው ሰው አብሮ ይሄዳል፤ ለሽልማትም በአውሮፕላን ጅማ ደርሶ ይመለሳል። የባለቤቴ አባት ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ኮታቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይሰቅሉት ጀመር፤ “ኮቱ በፀሐይ አለቀ፣ ይበቃዋል” እያልኩ እኔ ነኝ የማወርደው።

ሳምንት ሳይሞላ አዲሎ ያሉት እህታቸው ሞቱ። እሳቸውና ባለቤቴ ለለቅሶ ሄዱ። እኔ ከልጆቹና ከላሟ ጋር ቀረሁ። ጸሐፊው ማን ቤት ለቅሶ እንዳለ ያውቃል፤ በማግስቱ ሰው ልኮ አውሮፕላኑን ከቤቴ አስወጣና ስብሰባ ጠራ።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ልማድ መንገር አለብኝ። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ከምባታ ባሊሻ ይሉታል፤ ሀዲያም ከዚህ አይርቅም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ መጀመሪያ ድምፅ የሚነሡትን ቃላት ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። እኔ በሌላ ቃል ገበያ ወጥቼ፣ በሌላ ቃል ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ “የቤታችን ትልቅ ሰው” እላለሁ፤ እዚህ ያደገ ሁሉ ይገባዋል። ወንጌል ስንቀበል ብዙ ነገር ትተናል፤ ይህን ግን አልተውነውም። እናቴ ገና ሳልዳር ምላሴ ላይ የቋጠረችው ነገር ነው።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። አዳራሹ ቀድሞ ጸሎት ቤታችን ነበር፤ ቀበሌው አሽጎ ከወሰደውና የእኛን ሰዎች ካሰረ በኋላ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። አውሮፕላኑን ከፊት፣ ሰባኪው ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ አኑረውታል። የክፍለ ሀገሩ እንግዳ ከሰሜን የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ አገራችንን የማያውቅ ሰው ነበር። ክፉ አይመስልም። መሪውን ሳበ፤ ቀስቷ ስትነሣ ሳቀ።

“ይሄን የሠራው ማነው?”

“የቀበሌያችን ወጣት ማኅበር ነው፣ ጓድ፤ በእኔ አስተባባሪነት” አለ ጸሐፊው።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። “ውሸት ነው!”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

“የሠሩት የባለቤቴ አባት ናቸው። አዲሎ ለቅሶ ሄደው ነው የሌሉት። የተሠራው በእኔ ቤት ነው፤ ያ ጨርቅ ላይ ያለው ምድር በእነዚህ እጆች የተሣለ ነው።”

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። “ጥሩ፤ ስማቸው ማነው?”

“ጓድ ጸሐፊ ያውቀዋል።”

“እኔ የማውቀው ማኅበሩን ነው” አለ ጸሐፊው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየሣቀ፣ “አንቺ ተናገሪያ! ሰውዬው ስም የላቸውም እንዴ? የባሏ አባት ተብሎ አውሮፕላን ይሳፈራል?”

ሰው ሳቀ። ይህ ሰው የጃጁራ ልጅ ነው። እናቱ የአማቷን ስም ሳትጠራ ያረጀች ሴት ናት። ምላሴን ምን እንደያዘው ከእኔ እኩል ያውቃል፤ የጠየቀኝም ስለሚያውቅ ነው።

ጎረቤቶቼን አየኋቸው። ከመካከላቸው ያን ወንበር ያልተቀመጠበት የለም። የጎጃሟ ሴት ልማዳችን አያስራትም፤ ለእሷ አንድ ስም ነው፣ ብትጠራው ምንም አትሆንም። “አንቺ ጥሪልኝ” አልኳት። እግሯን ማየት ጀመረች። የባሏ እንጀራ አውራጃው ቢሮ ነው። የእኛዎቹም ጴንጤ ተብለው ሁለተኛ እንዳይታሰሩ አንገታቸውን ደፍተዋል። ፍርሃታቸው ገብቶኛል። ይቅር ግን አላልኳቸውም።

“እህቴ፣ አብረሽ የምትኖሪውን ሰው ስም አታውቂም?” አለ እንግዳው፣ ሰዓቱን እያየ።

ጠራሁት። ከነአባታቸው፣ በር ላይ የቆሙት እንኳ እንዲሰሙ አድርጌ ጠራሁት። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት “ኧረ በጌታ!” ብላ አፏን ያዘች።  ግን ብዬዋለሁ፤ አለቀ፤ ከእንግዲህ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ።

ጸሐፊው ወደ እንግዳው ጠጋ አለ። “አዩ፣ ጓድ? በዚህ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እውነት አማቷ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ትጮኸው ነበር? ከፈለጉ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ።”

እንግዳው ከፊት የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ጠየቀ። “ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ እውነት ነው?”

“እውነት ነው፤ አትጠራም” አሉ። የተጠየቁትን መለሱ። ከዚያ በላይ ያለውን አልተጠየቁም፤ አልተናገሩም።

ዝም ስል ስማቸውን አታውቅም ተባልኩ። ስጠራ ዋሸች ተባልኩ። እንግዳው እንዳልጮህ በእጁ ምልክት ሰጠኝና ማኅበሩን መረጠ። ጮህኩ። ሁለት ጥበቃዎች ክንዴን ይዘው አወጡኝ።

የባለቤቴ አባት ከአዲሎ ሳይመለሱ ወሬው ደርሷቸዋል። ሽማግሌዎቹም ቀድመው ቤቴ ገብተው ነበር፤ ስም ስለጠራሁ እሳቸው ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ። “እናንተ አዳራሽ ውስጥ ስላደረጋችሁት መጀመሪያ እናንተ ውደቁ” አልኳቸው። ቡናዬን ሳይጠጡ ወጡ።

እሳቸው ሲገቡ ባዶውን ቦታ አዩት፤ ቃጫውና የቆርቆሮው ቁርጥራጭ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

“ከነአባቴ ነው የጠራሽው?”

“ከነአባትዎ።”

“ከእናቴ ሌላ በስሜ የጠራችኝ ሴት የለችም” አሉ። አልተቆጡም፤ አልመረቁኝምም።

በሚቀጥሉት ቀናት አውራጃው ቢሮ ደጅ ጠኑ። እንግዳው ተመልሷል፣ ነገሩ አልቋል ተባሉ። አውሮፕላኑ በጭነት መኪና ሲጫን እኔ አልሄድም ብዬ ቤት ተቀመጥኩ። እሳቸው ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት የማኅበሩ ልጆች ገመዱን አላልተው ማሰራቸውን ሲያዩ እሳቸው ጎማው ላይ ወጥተው በራሳቸው እጅ አጠበቁላቸው። ጸሐፊው ከሾፌሩ ጎን ሆኖ “አመሰግናለሁ፣ አባባ” ብሏቸዋል። ይህን ስሰማ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ ተቆጣኋቸው።

“መንገድ ላይ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?” አሉኝ።

አውሮፕላኑ አልተመለሰም። ጸሐፊው ተመለሰ። እሳቸው አንድ ቀን ከታጠቡና ከተላጩ በኋላ ወደ ጸሐፊው ቤት ልሂድ አሉ። ብቻቸውን አልለቅም ብዬ ተከተልኩ። የልባቸውን ሊነግሩት ነው ብዬ ነበር። ሚስቱ ወንበር አቀረበችልን፤ እኔ ቆምኩ።

“ጅማ ደረስክ?” አሉት።

“ደረስኩ፣ አባባ።”

“በዳኮታ?”

“በዚያ በአሮጌው።”

“መስኮት አጠገብ ነበርክ?”

“አጠገቡ ነበርኩ።”

ወደፊት ጎንበስ አሉ። “ከላይ ምን ይመስላል?”

ጸሐፊው ሳቀ። “እውነቱን ልንገርዎት? ከተነሣ እስኪያርፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መጋረጃውንም ዘግቼው። እንኳን ልመለከት፣ እግዜር ብቻ ነው ያወረደኝ!” ሚስቱም ሳቀች።

እሳቸው ጥቂት ጠበቁ፤ ሌላ የሚጨምር መስሏቸው። እንደጨረሰ ሲያዩ ተነሥተው “እግዜር ይስጥልኝ” አሉትና ወጣን።  ከዚያ ወዲህ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ከገበታው አልተነሡም።

በሚቀጥለው በጋ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ጸሐፊውም መጣ፤ ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ከፊት፣ ለዘመድ በተተወው ቦታ ተቀመጠ። ሄጄ ፊቱ ቆምኩና “ተነሥ” አልኩት። ሽማግሌዎቹ “ለቅሶ ላይ የተቀመጠን ሰው አያስነሡም፤ ነውር ነው” አሉኝ። ነውሩን አውቃለሁ። ተነሥቶ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩት።