ምንም ሳያመኝ ወንዛዬ

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ኒካህ ነበረ። ፎቶ ያነሳው ልጅ በማግስቱ ምስሎቹን በስልክ ላከልን። ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ቆማለች። ሻሿ የእኔ ሻሽ፣ መነጽሯ የእኔ መነጽር ነው፤ ፊቷ ግን የተላጠ ድንች ይመስላል። ልጁ ሒሳቡን ሊቀበል ሲመጣ ጠብቄ «ይህች ማን ናት?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እኮ! ትንሽ ላፍካዎ ብዬ ነው።»

«ወደነበረበት መልሰው።»

«ሌላው ሰው እኮ አፍካኝ ብሎ ይለምነኛል» አለ ግራ ገብቶት። ክፋት የለበትም፤ ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። እኔን ግን ይህ «ማፍካት» የሚሉት ነገር በልጅነቴ ወደ ሄድኩበት ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ መለሰኝ።

አባቴ በቁሐር ሚካኤል አካባቢ የሚኖር ሸማኔ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ የሙስሊም ቤቶች ጥቂት ነን፤ አያቶቻችን የሚያርሱት መሬት ስላልነበራቸው በእጃቸው ሥራ ነው ያደሩት። ጎረቤቶቻችን በደግ ቀን ሸማቸውን ያሠሩናል፣ ሐዘናችንንም ይቀመጣሉ፤ በክፉ ቀን የሚሉን ሌላ ነው። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው የናቁትን ያህል አይንቅም ብዬ አስብ ነበር። ይሁንና በእኛው ቤት፣ በእኛው አፍ ሌላ ሚዛን ነበረ። ታናሽ እህቴ ራህመት ቀይ ናት፤ እኔ ጥቁር ነኝ። አንድ እናት፣ አንድ አባት ነው ያለን። ፊት ለፊቴ «ጠይም» ይሉኛል፤ ጠይም በእኛ አገር ውዳሴም ነው፣ ይሉኝታም ነው፤ ለእኔ ሲሆን ይሉኝታ ነበር። ዞር ስል «ጥቁሯ» ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ወጥታ እጅ የምታስታጥበው ራህመት ናት፤ እኔ ከጓዳ ወጡን አቀብላለሁ።

አጎቴ እንድሪስ ወረታ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ወደ ቤታችን መጣና አባቴን «ከልጆችህ አንዷን ስጠኝ። ቀን ሱቅ ትቀመጣለች፣ ማታ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» አለው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ያገኘሁትን ወረቀት፣ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳይቀር አነብ ነበር። ትምህርት ቤት ሲል ስሰማ ማግ የማጠነጥንበት እጄ ቀጥ አለ። ራህመት ለአጎቴ ቡና ቀዳችለት። አጎቴ ሲነሳ «የምትመርጠው ግን ዘይነባ ናት» ብሎ ጨመረ፤ ሚስቱን ነው።

ይህን የሰማች አክስቴ ከድጃ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አይዞሽ። ከመታየትሽ በፊት ወንዛዬ እወስድሻለሁ። ያ ውሃ እንኳን ሰው ብረት ያፈካል።» ትወደኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በእሷ ለመሳቅ አይደለም።

የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሸሽቶ ጭቃው መሰነጣጠቅ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል፤ ከብቱ አዲስ ሣር ለቅሞ ሆዱ ተነፍቷል። የሽምብራ ቆሎና በቅል እርጎ ይዘን በማለዳ ወጣን። ፀሐይ እንዳይመታኝ አክስቴ ጋቢዋን በራሴ ላይ ጣለችብኝ፤ ስለዚህ ያን የመሰለ አገር ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው።

«ፊትሽን! ሸፍኚ እንጂ! እኔ ላስለቅቅ እደክማለሁ፣ አንቺ መልሰሽ ትቀቢዋለሽ?»

ከብት የሚነዳ ሰው እንደዚያ ተሸፋፍኜ ሲያየኝ «ምሕረት ያውርድ» ብሎ መንገድ ለቀቀልን።

ወንዛዬ ደረስን። እንፋሎቱ ከድንጋዩ ሥር ይወጣል፤ ሽታው እንደ ከረመ እንቁላል ነው። እዚያ አንድ ወግ አለ፤ ሰው ስም ከመጠያየቁ በፊት ሕመም ይጠያየቃል። «እኔን ወገቤን ነው»፣ «እኔን ትከሻዬን»፤ ሴቶቹ እስከ አንገታቸው ተነክረው በየተራ ይናገራሉ። ጉልበታቸውን የሚያሹ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምንሽን ነው?»

አክስቴ ቀደመችኝ። «መልኳን ነው፣ እማሆይ።»

«መልኳ ምን ሆነ?»

«ጠቆረባት።»

«መቼ ጀመራት?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ውሃው ተናወጠ። አክስቴ አፍራ «ኧረ ስትወለድም እንዲሁ ናት» አለች። እማሆይ ግን አልሳቁም። አገጬን ይዘው በእንፋሎቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አዩኝ።

«ይህ ውሃ ቁርጥማት ያሽራል፣ እከክ ያደርቃል። ጤነኛ ሰው አምጥታችሁ ምን ያድርገው? ልጄ፣ የሚያምሽ አለ?»

«የለም፣ እማሆይ። ምንም አላመመኝም።»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያመኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እንደ ተመለስን አባቴ እኔንና ራህመትን ይዞ ወረታ ሄደ። እትዬ ዘይነባ በሱቁ በር ላይ ጎን ለጎን አቆሙን። አጎቴ «ማንበብ የምትችለው የቷ ነበረች?» ሲል «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ንባብ ጨርቅ ይሸጣል እንዴ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ገበያተኛ የሚገባው ፊት አይቶ ነው። ስማችንን ሰምቶ የሚያልፈን አለ፤ መልክ አይቶ የሚያልፈን ለምን ልጨምር?» ክፉ ሴት አልነበሩም። ሱቃቸው በምን እንደሚቆም ያውቁ ነበር። ራህመትን በእጇ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት፤ ለእኔ «አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ለእናትሽ ትሆኛለሽ» አሉኝ።

ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆም ብሎ «እኛም በእኛ?» አለ።

ራህመት የማታ ትምህርት አልገባችም። ሱቁ የሚሞቀው ወደ ማታ ነው እየተባለ ሲገፋ፣ ዓመት ሳይሞላ አንድ ነጋዴ አይቷት ሽማግሌ ላከ፤ ተዳረች። እኔን የጠየቀ አልነበረም። ጥጥ እየፈተልኩ ብዙ ቆየሁ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ፣ እኔም ወረታ ሄጄ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም አስተማሪ ሆንኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ራህመት ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የምትይዘው ራሷ ናት። ጨርቅ እያጠፈች ያን ዘመን አነሳችና «እታለም፣ አንቺንስ ጥቁረትሽ ጠቀመሽ፤ አስተማረሽ» አለችኝ።

ይህን ብዙ ሰው ይለኛል። የሚያጽናና ወሬ ነው፤ እኔ ግን ነገር በልኩ ሲነገር እወዳለሁ።

«አልጠቀመኝም» አልኳት። «ያዘገዩኝ በእሱ ነው። የተማርኩት ስለወደድኩ ነው።»

ማጠፏን አቆመች። «እኔንስ? ያን ዕለት በሩ ላይ ቆመን፣ አንቺስ መማር ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ ይልሻል?»

አጎቴን፣ እትዬ ዘይነባን፣ አባቴን በየተራ አሰብኳቸው። ሁሉም ፊቷን ያዩ ነበር። የጠየቃት የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ያን ቀን አንዳችን የተመረጠች፣ አንዳችን የቀረች ይመስለኝ ነበር።

የያዘችው ጨርቅ ረጅም ነው፤ ለአንድ ሰው እጅ አይመችም። ተነሥቼ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት።