ሺሺንዳ ገበያ በሌለበት ቀን

ቦንጋ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቡድን መሪያችን አቶ ተረፈ የሙያ ማስረጃዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየው።

«ኮሌጅ የት ነው የተማርከው?»

«የትም። መጽሐፍ ገዝቼ ብቻዬን አነበብኩ። የብቃት ምዘናውን ተፈተንኩና አለፍኩ።»

እውነት ነው። የቡና መጋዘን ሠራተኛ ሆኜ ጆንያ እየቆጠርኩ፣ ማንም አስተማሪ ሳይቆምልኝ የሂሳብ ባለሙያ ሆኛለሁ። ዲግሪ ይዘው የመጡ ልጆች የሀብትና ዕዳ መግለጫ ሲያምታታቸው ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጡ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመካት ነው፤ የሚመካበት ያለው ሰው ዝም ሲል አልወድም።

አንዱ ወጣት ኦዲተር ግን በመጀመሪያው ቀን ቀለደብኝ። «ጋሼ፣ ሊቀጠሩ ነው ወይስ ጡረታ ሊወጡ የመጡት?» ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አቶ ተረፈ ማስረጃዬን መለሰልኝና «የኛ ነጋዴ አብዛኛው መዝገብ አይዝም። ስለዚህ በዓይን ነው የምንገምተው። ለስድስት ወር በሙከራ ላይ ነህ፤ ዓይንህን አያለሁ» አለኝ።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ ሺሺንዳ ከተማ ነበር። የሄድነው በገበያ ቀን ነው። ሁልጊዜም በገበያ ቀን ነበር የሚኬደው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ መኪናችን አንድ፣ ነዳጃችን ጥቂት፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሱቁን የማይከፍት የለም። በአንድ ጉዞ ሁሉም ይገኛል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሦስት ሆነን ሱቅ እንገባለን። መደርደሪያውን እናያለን፣ ገዢውን እንቆጥራለን፣ ዋጋ እንጠይቃለን። ከዚያ እያንዳንዳችን የቀን ገቢውን እንገምታለን፤ አማካዩ ይወሰድና ሦስታችንም እንፈርማለን። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ ግብር የሚከፍለው በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው።

እትዬ ከዲጃ ጨርቅና ጫማ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ስንገባ ሱቃቸው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ጨርቅ እየለኩ፣ ሳንቲም እየመለሱ፣ እኛንም በአንድ ዓይናቸው ይጠብቁናል። ግምታችንን ሲሰሙ ሜትሩን ጣሉት።

«ይኼ የዛሬ ነው እንጂ የነገ አይደለም! ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ነገ ይምጡ። ዝንብ ነው የሚያገኙት። በዚህ ከቆረጣችሁብኝ ቁልፉን እዚሁ ላስረክባችሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለኝ አቶ ተረፈ ስንወጣ። ቅጹን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ሁለተኛው ባልደረባችን ፈረመ። እስኪሪብቶው እኔ ዘንድ ደረሰ።

አልፈረምኩም።

«ነገን ሳላይ አልፈርምም» አልኩ።

«በሙከራ ላይ እንዳለህ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

ነጋዴዎቹ ከበውን ነበር። ከመካከላቸው ጋሽ አደሎ፣ የመንገድ ዳሩ ምግብ ቤትና አልጋ ባለቤት፣ ለነጋዴው ሁሉ ተናጋሪ የሆኑት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን አነሱ። «ይደር! አንድ ቀን እንኳ ከመንግሥት ሰው አንዱ እዚህ አድሮ ይየን! አልጋ እኔ ጋ ሞልቷል።»

አቶ ተረፈ መኪና ውስጥ ገባ። «ውሎ አበል የለህም» አለኝ በመስኮቱ።

«ከኪሴ ከፍዬ አድራለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ከእትዬ ከዲጃ ሱቅ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አደባባዩ ጭቃና የሙዝ ልጣጭ ብቻ ቀርቶታል። አንዲት ፍየል ደጃፋቸው ላይ ተኛች፤ የሚያባርራት ገዢ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በላስቲክ ጫማ ዋጋ ተከራክሮ ተከራክሮ ሳይገዛ ሄደ። እትዬ ከዲጃ እኔን አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ «ያልኩት ይኸው» ማለታቸው ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ከሚዛን ከተማ የመጡ የጭነት መኪናዎች በጋሽ አደሎ ደጅ ተደርድረዋል። ትናንት፣ ገበያተኛው እዚያው ሜዳ ላይ ቆጮውን በልቶ ወደየቀበሌው ሲበተን፣ አዳራሻቸው ባዶውን ነበር የዋለው። ስለዚህ የገመትንላቸው ዝቅተኛ ነበር። አሁን መቀመጫ የለም። ጥብሱ ይንጣጣል፤ ሾፌርና ረዳት አልጋ ይጠይቃል።

ጋሽ አደሎ ራሳቸው እራት አቀረቡልኝ። «በል ጻፍ! የከዲጃን ጉድ ጻፍ!»

እየጻፍኩ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኼ የኔ ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ሰውዬ! እደር ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ!»

«አዎ ጋሽ አደሎ። ያሉኝን አደረግሁ፤ አደርኩ፤ አየሁ።»

«አይ እኔ! በገዛ እጄ በሩን ከፍቼ ጅብ አስገባሁ!»

የአልጋና የእራቱን ዋጋ ስሰጣቸው እጄን ገፉት። «ይቀበሉ» አልኳቸው፤ «ገቢዎ ውስጥ ስለምቆጥረው ባይቀበሉ ኪሳራው የእርስዎ ነው።» ሊቆጡ ፈልገው ሳቅ አመለጣቸው። ተቀበሉኝ።

ቦንጋ ስመለስ አቶ ተረፈ ማስታወሻዬን ሁለት ጊዜ አነበበው። የእትዬ ከዲጃ ግምት መቀነስ፣ የጋሽ አደሎ መጨመር እንዳለበት ጽፌያለሁ።

«ለነጋዴ ወገንተኛ ሆነሃል ብዬ ልጽፍብህ ነበር» አለኝ። «አሁን ለየትኛው ልበል?» ቀጠለና፣ «ሌሎቹ ከተሞች፣ ዋጫስ? ቢታ ገነትስ? ለሁሉም ሁለት ጊዜ የምንመላለስበት ነዳጅ ከየት ይምጣ?»

  «በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አልኩት።

የሺሺንዳው ግምት እንደገና ተሠራ። ለሌሎቹ ከተሞች በአውቶቡስ የደረስኩበት ደረስኩ፤ ያልደረስኩበት በገበያ ቀን እንደተገመተ ቀረ። ይህ ዛሬም ያሳስበኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ አቶ ተረፈ በምዘናዬ ላይ «ራሱን ማመስገን ያበዛል፤ ሥራ ግን ያውቃል» ብሎ ጽፎ ቋሚ አደረገኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

እትዬ ከዲጃ ሱቃቸውን አልዘጉም። የተቀነሰላቸውንም ግምት ግን «አሁንም በዝቷል» እንዳሉ ነው። ጋሽ አደሎ ቅሬታ አስገቡ፤ ውድቅ ሆነባቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በከዘራ ብቻ ይመልሱልኝ ነበር። ከሁለቱም ምስጋና አላገኘሁም።

ለአዲስ ኦዲተሮች የምለው ይህን ነው። ገበያ በሌለበት ቀንም ሂዱ። ያደራችሁበትንም ቤት ገምቱ።