ካልነኩት የማይናገር ትምህርት

ከፑኤሊ የሚባለው ሰው የቶንጋ ልጅ ሆኖ ሳለ የአገሩን ወግ እንዴት ዘነጋው? ይህን ራሱ ከፑኤሊ እንኳ እስከ ዛሬ ሊመልሰው አልቻለም።

ሥራው በዋና ከተማዋ በኑኩአሎፋ ከሚገኝ ጠባብ ቢሮ ሆኖ፣ በየደሴቱ ለተበተኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኢንተርኔት ትምህርት ማዘጋጀት ነው። ጽሑፉን፣ ሥዕሉን፣ ድምፁንና ፊልሙን ያስማማል፤ አንዱን ገጽ ከሌላው ያያይዛል። ከሠራቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰው እንዴት እንደሚፀነስና እንደሚወለድ የሚያሳየውን ነበር። ሁለት ወር ለፍቶበታል። ገጹ እንደተከፈተ ፊልሙ በራሱ ይጀምራል፤ የከፑኤሊም ድምፅ ማስረዳቱን ይቀጥላል። ተማሪ እንዳይዘል ብሎም ፊልሙ እስኪያልቅ ቀጣዩን ገጽ ቆለፈው።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት ማን የትኛውን ገጽ እንደከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ሲመለከት ኖሙካ ደሴት ያለች ላታይ የምትባል ተማሪ ትምህርቱን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍታ፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንደዘጋችው አየ። ይህን ክፍል ካልጨረሰች ለፈተና አትቀርብም። ኔትወርኩ ይሆናል ብሎ ፊልሙን በደካማ ኔትወርክም እንዲከፈት አቀለለው። አሥራ ሁለተኛውም ያው ሆነ። በመጨረሻ ለደሴቲቱ አስተማሪ ለእትዬ ሴይኒ ደወለ።

«ኔትወርኩ አስቸግሯት ነው እትዬ?»

«ኔትወርኩማ ከኔ ጉልበት ይሻላል።»

«ታዲያ ልጅቷ ሰነፍ ናት?»

«ሰነፍስ አንተ! የምትማርበት ስልክ የማን እንደሆነ ጠይቀሃል? የወንድሟ የፊኒያሲ ነው። ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል። ያ ድምፅህ ‹ማህፀን› ማለት ሲጀምር ልጁ ስልኩን ነጥቆ በፊት በር፣ እሷ በጓሮ በር ይበራሉ። አያታቸው መሀል ተቀምጠው ይሄን ያያሉ። በእኛ ወግ እህትና ወንድም እንዲህ ያለውን አንድ ላይ ይስሙ? እናትህ አላስተማረችህም?»

«እናቴ የወለደችው ስድስት ወንድ ነው።»

«የአጎቶችህ ሴቶች ልጆችስ? እህቶችህ አይደሉም?»

ከፑኤሊ አሁን ትዝ አለው። ልጅ ሳለ የአጎቱ ሴቶች ልጆች ፊልም የሚያዩበት ክፍል ከገባ፣ ማንም ሳይነግረው ተመልሶ ይወጣ ነበር።

«የጆሮ ማዳመጫ ብታደርግስ?» አለ።

«ምስሉንስ ምን ልታለብሰው ነው?»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ከወንበሩ አልተነሳም። ተማሪ ባሰበ ቁጥር የሚታየው በሩን ዘግቶ ለብቻው የተቀመጠ ሰው ነበር። ኖሙካ ላይ ለብቻው የሚቀመጥ ማን አለ?

ዓርብ ጠዋት ፊልሙን ከትምህርቱ አወጣው። የፅንሱን የልብ ምት የሚያሰማውን ክፍል ሲቆርጥ እጁ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎታል። በፊልሙ ምትክ ዘጠኝ አጫጭር ገጾች ሠራ፤ ቀለል ያሉ የመስመር ሥዕሎች፣ ከግርጌያቸው ጽሑፍ። ድምፁ ካልነኩት አይናገርም። የገጾቹን መቆለፊያ አስወገደ፤ ላታይ ሰው ሲመጣ ዘግታ፣ ሲሄድ ከተወችበት እንድትቀጥል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚመጣውን ነገር በጨዋ ቃል አስቀድሞ አስታወቀ፤ መውጣት ያለበት ሰው በጊዜ ይውጣ ብሎ። በቶንጋ እሑድ ሥራ ስለማይነካ ሁሉን ቅዳሜ ቀትር ላይ ለቀቀውና ለእትዬ ሴይኒ ነገራቸው።

ከሰዓት በኋላ መልሰው ደወሉ።

«ፊኒያሲ መጀመሪያዋን ገጽ አነበበና ስልኩን ለእህቱ ትቶ ወደ ባሕር ወረደ። ‹ዓሣ አማረኝ› አለ። ዓሣ ሲጠላ!»

«አያትየውስ?»

«መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ‹ይሄስ ይነበባል› ብለዋል።»

መዝገቡ ላይ አንደኛው ገጽ ታየ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ከፑኤሊ ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። መደወል ሊረብሻት ይችላል። ከዚያ አምስተኛው ተከፈተ፤ ሲመሽም ዘጠነኛው። ከላታይ ስም ጎን «ለፈተና ትቀርባለች» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ቤቱ ሄዶ ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም አለ። እንቅልፍ ሲወስደው ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።